«ምንም የለብሽም!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እሺ፣ አልደበቅንም፤ ተናገርን እንበል። ከዚያስ? «ቻል አድርጊው!»፣ «የባሰ አለ፣ ተመስገን በይ!»፣ «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ የምን ወገብ ነው?» መድኃኒቱ ይኼ ከሆነ መደበቁ ሳይሻል አይቀርም።

የምናወራው በሳምንት ስለሚለቅ ጉንፋን አይደለም። ወገብን ይዞ ስለሚያድረው፣ ጭንቅላትን ከፍሎ ስለሚመታው፣ በየወሩ እየመጣ አልጋ ላይ ስለሚጥለው ሕመም ነው። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚመጣን ሕመም «ሥር የሰደደ» ይሉታል። እኛ በሃያዎቹ ያለን ልጆች ጉዳዩ የአያቶቻችን ይመስለናል። አይደለም፤ የእኛም ነው።

ሕመም ሲከርም የሚነካው የታመመውን ቦታ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። የታመመ አይተኛም፤ ያልተኛ ደግሞ በማግሥቱ ይብስበታል። ቀጥሎ ከተማው ራሱ ይከብዳል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ መሄድ፤ ለሌላው የዘወትር ምሬት ነው፣ ለሕመምተኛው ግን ሥራ ሳይገባ የቀኑን አቅም ይጨርስበታል። ከዚያ ጓደኛ ይቀንሳል። ሦስት ጊዜ «አልመጣም» ያለች ልጅ አራተኛ አትጠራም። «ኮራች» ትባላለች እንጂ «አሟታል» የሚላት የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አለመታመን ነው። ራጅ ተነሳን፣ ደም ሰጠን፣ ብር ከፈልን፤ ውጤቱ «ምንም የለብሽም!» እስቲ ልብ በሉ፤ «በምስሉ ላይ ምንም አልታየም» ማለትና «ምንም የለብሽም» ማለት አንድ ነው? ሕመም እንደ መኪና አላርም ነው። አንዳንዴ ሌባው ከሄደ በኋላም አላርሙ ይጮሃል። ቁስሉ ድኖ ነርቮች «አደጋ አለ» ማለታቸውን የማይተዉበት ጊዜ አለ። ሌባ ስላላየን ጩኸቱ የለም አንልም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነቅቷላ!

ይህ የእኛ ፍልስፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መደብ ሥር ለሰደደ ሕመም የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል።

የሴቶቹን ነገር ደግሞ እናንሳው። የወር አበባ ሕመም ትምህርት ቤት ሲያስቀር፣ ሥራ ሲያስቀር ምላሹ «ስትወልጂ ይተውሻል» ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይናገራል። አልትራሳውንድ ሊያመልጠው ይችላል። ይባስ ብሎ ከያዛቸው መካከል ለመውለድ የሚቸገሩ አሉ። እንግዲህ «ስትወልጂ» ለሚሏት ልጅ መውለዱም ራሱ ላይሆንላት ነው።

የማይታመን ሰው ምን ያደርጋል? ፋርማሲ ይገባል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አድቪል (እሱም ያው አይቡፕሮፌን ነው) በቦርሳ ይዞ ይዞራል። ለሁለት ቀን ደግ ናቸው። ያለ ሐኪም ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። አንዱን ሕመም ስንችል ሌላ እንሸምታለን።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። በአንዴም ሆነ በተለያየ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። መልካም ነው። ግን የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ከአልጋ መነሳት ያቃታት ልጅ አልጋ ላይ ለመቆየት ወረቀት ፍለጋ ተነስታ ትሰለፋለች ማለት ነው!

«አስመሳዩስ?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ አንክድም። ግን ለአንድ አስመሳይ ተብሎ አሥር የእውነት ሕመምተኛ ውሸታም መባል አለበት? «አገር ስንት ጉድ እያለባት ስለ ወገብ!» የሚልም አለ። አገር የሚሸከመው ወገብ እኮ ነው፣ ወዳጄ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሐኪሞቻችን «ምንም የለብሽም»ን በ«ገና አላገኘነውም» ይቀይሩልን። አለቆች የሚመች ወንበርና በመሃል ተነስቶ የመንቀሳቀስ ፈቃድ አይንፈጉን። የምትታመሙት ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ከምን እንዳስቀራችሁ ጻፉ። «በጣም ያመኛል» ከማለት «በዚህ ወር አራት ቀን ከሥራ ቀረሁ» ማለት ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል።

ሌሎቻችንስ? «ቻይው» ከማለታችን በፊት «ምን ላግዝሽ?» እንበል። ችላማ ነው እዚህ የደረሰችው።