እምባቦን ነገሥታቱ ጨርሰውታል፣ እኛ ምን ቀረን?

ግንቦት 30 በመጣ ቁጥር ይሄ ፌስቡክ ይታመሳል። ዘንድሮም ያው ነው። አንዱ ጎጃሜ «የእምባቦን ደም ገና አልመለስንም» ብሎ ይለጥፋል። ከወዲያ አንዱ «ንጉሣችሁን በእጃችን አልያዝንም እንዴ?» ይለዋል። ሦስተኛው ይመጣና ነገሩን የአማራና የኦሮሞ ጦርነት አድርጎት ቁጭ ይላል። ከሥር ያለው የኮሜንት ስድብማ ተነቦም አያልቅ።

እኔ አነደድ ውስጥ፣ አምበር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «ጎጃምን ጠልቶ ነው» የምትሉት ነገር አይሠራም። ሦስታችሁም ተሳስታችኋል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጦርነቱ የምን ነበር? ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሧቸው፣ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ነው። «የከፋ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከፋ ያለው ከአባይ ማዶ ብቻ ሳይሆን ከጊቤም ወዲያ ነው። በዚያው ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸው እዚያው አገር ላይ ነበር። ሁለቱም የአፄ ዮሐንስ ገባር ነገሥታት ናቸው። ለአንዱ የተሰጠውን አገር ሌላው እንደሚፈልገው ንጉሠ ነገሥቱ አላወቁም ነበር የሚለኝ ካለ፣ እኔ አላምነውም። ሁለቱ ሲባሉ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የተጣሉበትም ነገር ክብር ብቻ አልነበረም። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ነው። ይሄ ሁሉ ከማዶ ተነስቶ በጉድሩ በአሰንዳቦ ገበያ አድርጎ፣ አባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ባሶ ማለት ዛሬ የጁቤ ያለችበት አገር ነው። ደብቀን አንለፈው፣ በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከጎጃም በኩል ራስ ደረሶ ማዶ ዘልቆ ግብር ሲያስገብር፣ ከሸዋ በኩል ራስ ጎበና ዳጬ ለዚያው ጉዳይ ዘለቀ። በአንድ አገር ላይ ሁለት ግብር ሰብሳቢ! መጨረሻው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉድሩ ውስጥ፣ እምባቦ ላይ ሁለቱ ነገሥታት ራሳቸው ተገናኙ። ጎጃም ተሸነፈ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

አሁን «የአማራና የኦሮሞ ጦርነት» ወደምትለው ወንድሜ ልምጣ። ለምኒልክ ድሉን ያመጣው የማን ፈረሰኛ ነው? የራስ ጎበና አይደለም? ጎበናስ ማን ነው? ጦርነቱ ሁለት የክርስቲያን ነገሥታት የኦሮሞን አገር ማን ያስገብር ብለው የተዋጉት ነው፤ በአሸናፊው በኩል ደግሞ የጦር መሪው ኦሮሞ ነው። ይሄን በዛሬው የብሔር መነጽር እንዴት አድርገህ ታየዋለህ? በዚህ ሁሉ መሀል የሆሮና የጉድሩ ገበሬ «ማንኛችሁ ትግዙኝ?» ተብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እርሻውና ቤቱ ግን የጦር ሜዳ ሆነ። እሱን አንዳችሁም አታነሱት።

«ማርከን አልነበር?» ለምትለውም መልስ አለኝ። ድሉ አልጠቀመም አልልም። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳና የቄለሙ ጆቴ ቱሉ ለምኒልክ የገበሩት ከእምባቦ በኋላ ነው። ወርቁና የዝሆን ጥርሱም ወደ ሸዋ ዞሮ ጠመንጃ ገዛ። ግን በዚያው ሰሞን ምን ሆነ? አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ያለ ፈቃዴ ተዋጋችሁ ብለው ተቆጡ። ምኒልክ ምርኮኛቸውን ለቀቁ፣ ወሎም ከእጃቸው ወጣ። የጎጃሙ ንጉሥ አገራቸው ገብተው ዙፋናቸው ላይ ተቀመጡ።

የኔ ወገን ደግሞ አሁን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብሎ እንደሚጽፍልኝ አውቃለሁ። እሺ፣ የተወጋው ማነው? ተክለ ሃይማኖት አይደሉም? እሳቸው በ1880 ዓ.ም. ከማረኳቸው ከምኒልክ ጋር በአፄ ዮሐንስ ላይ መከሩ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃምን ጦር አስከትለው ከዚያው ከምኒልክ ጎን አድዋ ተሰለፉ። ቁስሉ በገላቸው ላይ የነበረው ሰው ይቅር ብለው አድዋ ድረስ ዘመቱ፣ አንተ በሞባይልህ ላይ ሆነህ የማንን ደም ነው የምትመልሰው?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ግንቦት መጨረሻ ማለት ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ የሚያርስበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ከዚህ ደጋ የዘመተ ሰው በሬውን ፈትቶ ነው የሄደው። ከሽንፈት የተረፈውም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ክረምቱ ሲገባ፣ አባይ ሊሞላ ሲል ነው። ደግሞ በዚህ አላበቃም። በጥር 1880 ዓ.ም. ያው የጎጃም ጦር ሣር ውሃ ላይ ከደርቡሽ ጋር ገጥሞ አለቀ፤ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ዮሐንስ ንጉሡን ለመቅጣት ብለው ጎጃምን አጠፉት። ቀጥሎ ከብት የጨረሰው ክፉ ቀን መጣ። አስቡት እስኪ፣ ሁሉም በአሥር ዓመት ውስጥ ነው! ሁሉንም የከፈለው ያው ገበሬ ነው።

እና ለምንድነው በየጥሩ ስለ ሣር ውሃ የሚለጥፍ የማላየው? መልሱን ልንገራችሁ፣ ሣር ውሃን አንስቶ ወንድሙን መስደብ ስለማይመች ነው። እምባቦ ግን ይመቻል። የምንፈልገው ታሪኩን ሳይሆን ዱላውን ነው ማለት ነው።

«ታሪክ አይነሳ ነው የምትለው?» ካላችሁ፣ ኧረ በደንብ ይነሳ! እኔ ስማር እምባቦ አንድ መስመር ነበር፤ ለልጆቻችን ምዕራፍ ይሁንላቸው። ግን ስንነግራቸው ማን ማረከ፣ ማን ተማረከ ብለን አናቁም። የተጣሉበትን ገበያም፣ አገሩ የጦር ሜዳ የሆነበትን የጉድሩ ሰውም፣ በሬውን ፈትቶ ሄዶ ያልተመለሰውን የጎጃም ገበሬም እንንገራቸው። ዛሬም ገበሬ በሬውን ሲፈታ የሚያየው ሰው ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ተሳስተሃል የሚል በማስረጃ ይምጣ፣ እታረማለሁ። ስድብ ይዞ ለሚመጣ ግን ጊዜ የለኝም፣ ብሎክ ነው።