ተምቹ አንድ ነው ወይ?

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ሄጄ ቱላ የሚኖሩትን የባለቤቴን አጎት ጠየቅኳቸው። ማሳቸው ዳር ቆመን የበቆሎውን ለጋ ቅጠል ፈልቀቅ አድርገው ትሉን አሳዩኝ። «አምና በዚሁ መድኃኒት ረግፎልኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ንቅንቅ አላለም» አሉኝ። እኔም ሻጩ ውኃ ቀላቅሎባቸው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚታየኝ አጭበርባሪ ነው። ሌላ ተጠርጣሪ ግን አለ፤ የትሉ የራሱ ዘር።

የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ውስጥ የታየው በየካቲት 2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነው። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት መቶ ኪሎ ሜትር ልትበር ስለምትችል ብዙም ሳይቆይ አገሩን አዳረሰው። በትውልድ አገሩ ተምቹ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በቆሎ፣ ሌላው ሩዝና ሣር ያዘወትራል። በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው የዘረመል ምርመራ ብቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ የተሰበሰቡት ሲመረመሩ ደግሞ ብዙዎቹ በእናት በሚወረሰው ዘር የሩዙ፣ በሌላው ምልክት የበቆሎው ሆነው ተገኙ። ድቅል ናቸው ማለት ነው።

ይህ ለገበሬው ምኑ ነው? መድኃኒት የሚያስችል ለውጥ ያላቸው ጥቂት ትሎች ካሉ፣ ርጭቱ ሌሎቹን ገድሎ እነሱን ለዘር ያስቀራል። በፖርቶ ሪኮ ትሉን እንዲገድል የተሠራ አንድ የቢቲ በቆሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ተምች ተሸንፏል። እኛም የደህንነተ ሕይወት አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ መልካሳ ላይ የቢቲ በቆሎ ሞክረናል። እንዲህ ያለው ዘር እንዳይሸነፍ ከጎኑ ተራ በቆሎ ለትሉ መጠጊያ ይተዋል። ሰፊ እርሻ ላላቸው ይሁን፤ ግማሽ ጥማድ ያለው የቱላ ገበሬ ከየት አምጥቶ ይተዋል?

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ተምቹ ከመግባቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። መድኃኒቱ ተፈትኖ ይመዘገባል፤ ትሉ ግን ከምዝገባው በኋላም መለወጡን አያቆምም። እኔ የምለው፣ በየዓመቱ ከቱላም፣ ከየኪም፣ ከመተከልም ትል ተለቅሞ በገበያው ላይ ባሉት መድኃኒቶች ይፈተን፤ ዘሩም ይመርመር። ውጤቱም ለሻጩና ለልማት ሠራተኛው በወቅቱ ይድረስ።

አጎታችን ስሰናበታቸው «ታዲያ የቱን ልግዛ?» አሉኝ። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ያፈርጡ ነበር።