ወለምታን አትናቁ

ግራንት ሂል አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ቦታው ከፊት መስመር ነው። በዚህ ጨዋታ ኳሱ በእጅ ነው የሚያዘው። ነገር ግን ሩጫና ዝላይ ይበዛበታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የሂል ግራ እግር ወለም አለ። እሱ ግን ሕመሙን ችሎ ተጫወተ። ኋላ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሞች ቀዶ ጥገና አደረጉለት። አጥንቱ ሳይጠና ሜዳ ወጣ። እንደገና ተጎዳ።

ቡድኑ በየዓመቱ 82 ጊዜና ከዚያም በላይ ይጫወታል። ሂል ግን በ4 ዓመት ውስጥ የተሰለፈው 47 ጊዜ ብቻ ነው።

በ2003 ከሌላ ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ። ለሞት ተቃርቦ ተረፈ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ዐረፈ። ቆይቶም በ36 ዓመቱ የዓመቱን 82 ጨዋታ አንድም ሳይቀር ተሰለፈ። እስከ 2013 ተጫወተ።

እናንተስ እግራችሁ ወለም ሲል ታሳርፉታላችሁ? ወይስ እያነከሳችሁ ሥራ ትወጣላችሁ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።