ሐይቁን በትኬት አታሳዩን

ባሕር የለንም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ካርታችን ላይ የለም። የሌላ አገር እኩዮቻችን ቅዳሜ ሲደርስ «ባሕር ዳርቻ እንሂድ» ሲሉ እኛ «ሐይቅ እንውረድ» እንላለን። በዚህ አንከፋም። ለሚራመድ እግር፣ ወፍ ለሚያይ ዓይንና ለተጠማ ጉሮሮ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ጣና ይበቃሉ። የሚያስከፋን ሌላ ነው፦ ወደ ውሃው የሚያደርሰው መንገድ መጥበቡ።

ከማማረራችን በፊት ግን የምንወዳቸውን እንጥራ።

አንደኛ ሐዋሳ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ በተሠራው ግድብ ላይ በእግር መሄድን የሚያህል ነገር የለም፤ በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላው ቄጠማውና ውሃው። ጠዋት አሞራ ገደል ብትደርሱ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ዓሣው ሲገፈፍ፣ ማራቡ የሚባለው መላጣ ትልቅ ወፍም ድርሻውን ሲጠብቅ ታያላችሁ። አቋቋሙ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ አይቸኩልም፣ አያፍርም፣ የሚገባውን ሳይወስድ አይሄድም። ቀና ስትሉ ደግሞ ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር ዛፉ ላይ ሆኖ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ፣ ከጎኑ አንድ ጃምቦ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለጠረጴዛው እንተዋለን።

ሁለተኛ ዝዋይ፣ በዛሬ ስሙ ባቱ። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል። የጀልባ መቆሚያው ላይ ፔሊካኖቹ ሰው አይፈሩም፤ እንዲያውም ሰው ይገፋሉ። ጊዜ ያለው በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሻገር፤ የዛይ ሕዝብ ለዘመናት የኖረባቸው ናቸው። ግሮሰሪዎቹ ጌጥ የላቸውም፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቀዝቃዛ ቢራ፣ ትኩስ የዓሣ ሾርባ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሦስተኛ፣ የመንገዱ ሰላም ሲፈቅድ፣ ባሕር ዳር። ደንገል ታንኳ ሲሆን የሚታይበት፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ጉማሬ የሚጠበቅበት ነው። ማታ በሐይቁ ዳር በዘንባባ ጥላ ሥር የሚጠጣ ድራፍት ከሌላ ቦታ ድራፍት ጋር አንድ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ጣዕም ግን የለውም።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ከሁሉም የሚቀርበን ቢሾፍቱ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙት ሐይቆች የትም አይገኙም። ነገር ግን ዳርቻውን በብዙ ቦታ ግንብና የሆቴል በር ይዞታል። ሐይቁን ለማየት መግቢያ ትከፍላለህ፣ ወይም በሦስት እጥፍ ዋጋ ማኪያቶ ታዛለህ፣ ወይም በአጥር ቀዳዳ ታጮልቃለህ። ሌሎቹ ከተሞችም ወደዚያው እያዘነበሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕዝብ ማለት እንግዲህ እኛም ነን፤ ኪሳችን ውስጥ የታክሲ ሒሳብ ብቻ ቢኖርም።

«ሆቴሉ እኮ ሥራ ፈጥሯል» ትሉናላችሁ። ልክ ነው፤ ጓደኞቻችንም እዚያ ይሠራሉ። ሆቴል ይፍረስ አላልንም። ትንሽ ወደ ኋላ ይበል ነው ያልነው። በውሃውና በአጥሩ መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድ ይቅር፤ ቄጠማውም አይታጨድ። ወፉ የሚፈለፈለው እዚያ ነው፣ ዓሣውም የሚራባው እዚያ ነው። ቄጠማውን አጭዶ «የወፍ እይታ ያለው ክፍል» ብሎ ማከራየት የራስን ጎተራ ማቃጠል ነው። ሕልም አይደለም። ዌልስ የባሕር ጠረፏን ሁሉ የሚከተል 1,400 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍታለች። በመንገዱ ያሉት መጠጥ ቤቶች ተራማጅ ስለመጣባቸው አላለቀሱም፤ የተራመደ ሰው ይጠማዋል።

«ክፍት ከሆነ ይቆሽሻል» የሚለውም ክርክር ባዶ አይደለም። የጫት ገራባና የሃይላንድ ፕላስቲክ ዳርቻው ላይ የሚጥለው ሆቴሉ ሳይሆን የሐይቅ ወዳዱ ነው። መፍትሔው ግን ቆሻሻ መጣያና ጥበቃ እንጂ ግንብ አይደለም። ግንቡ የሚከለክለው ንጹሑንም ነው።

ሐይቅ ደግሞ ይሸሻል። አብያታ ምስክር ነው፤ ገባሩ ለመስኖ፣ ራሱ ሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ዳርቻው ወደ ኋላ ሄደ፣ ለፍላሚንጎና ለፔሊካን የሚሆነውም አብሮ አነሰ። ጣና ላይ እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስፋፋ መጀመሪያ ያዩት ዳርቻው ላይ የሚውሉት ሰዎች ናቸው። ሐይቅን ሰው ካላየው፣ ሲታመም የሚጮኽለት አይኖርም። የዳርቻው ክፍት መሆን ለእኛ መዝናኛ፣ ለሐይቁ ደግሞ ዘብ ነው።

ስለዚህ ወገን፣ ባይናኩላር ያለህ ተዋስ፣ የሌለህም በዓይንህ እይ። ከመስከረም እስከ መጋቢት የአውሮፓ ወፎችም ብርዱን ሸሽተው እዚሁ ናቸው፤ ቪዛም ትኬትም አልተጠየቁም። እኛም እንደነሱ እንግባ። ከወፎቹ በኋላ ሒሳቡ የጃምቦው ብቻ ይሁን።