ባልም ይመርመር

ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ሁለት ሦስት ዓመት ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ በየሰፈራችን የሚሆነውን እናውቀዋለን። አማት የምራቷን ወገብ ማየት ትጀምራለች። ቡና ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት «ምነው እስካሁን?» ይላል፤ ጥያቄው የሚወረወረው ግን ወደ ሴቷ ብቻ ነው። እሷም ፀበል ትመላለሳለች፣ ለቁልቢ ገብርኤል ትሳላለች፣ ሙስሊም ከሆነች ዱዓ ታስደርጋለች። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። አልትራሳውንድ ትነሣለች፣ ለሆርሞን ምርመራ ደም ትሰጣለች፣ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ ራጅ ትነሣለች። የዚህን የመጨረሻውን ምርመራ ቁርጠት ያየችው ታውቀዋለች። ካርዷ ወረቀት በወረቀት ላይ እየተደረበበት ይወፍራል። ባልየው ግን በዚያው ሐኪም ቤት በስሙ ካርድ እንኳ አላወጣም።

ጥሪዬ ለባሎች፣ ለአማቶች፣ ለሽማግሌዎች፣ ለነፍስ አባቶችና ለኢማሞች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለጤና ሹሞች ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጅ በዘገየበት ቤት ሁሉ ሚስት መመርመር በጀመረችበት ሳምንት ባልም ይመርመር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። በሕክምናው መካንነት የሚባለው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ እየተገናኙ ዓመት ሞልቶ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከእነዚህ ባልና ሚስቶች በግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ የወንዱ ዘር እጅ አለበት፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴም ከሚስቱ ችግር ጋር ተደርቦ። እንግዲህ ሚስትን ብቻ የሚመረምር ቤተሰብ ግማሹን ምክንያት ሳያይ ገንዘቡንም ዕድሜውንም ይጨርሳል ማለት ነው። ዕድሜው ደግሞ በተለይ የሴቷ ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ የማርገዝ ዕድሏ በፍጥነት ይቀንሳል። ባል «እኔ ደህና ነኝ» እያለ የሚያሳልፋቸው ሁለት ሦስት ዓመታት የሚቆረጡት ከእሷ ላይ ነው።

«ደህና ነኝ» የሚለውስ በምን አውቆ ነው? ብዙ ወንድ አልጋ ላይ ብርቱ መሆኑን ቆጥሮ ነው። ይሄ ስሕተት ብዙ ትዳር አፍርሷል። የዘር ፍሬ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የወንድነት ሆርሞን ማመንጨት ሲሆን ሌላው ስፐርም የሚባለውን የወንድ ዘር መሥራት ነው። ሁለቱን ሥራዎች የሚሠሩት የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው በደንብ ሊቀጥል ይችላል። የፈሳሹ መጠንም አያስተማምንም። አብዛኛው የዘር ፈሳሽ ከሌሎች ዕጢዎች የሚመነጭ ሲሆን ስፐርሙ ከውስጡ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በወጣትነቱ ጨብጥ ይዞት በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የዘር መውረጃ ቱቦው የተዘጋበት ሰው ፈሳሹ እንደ ድሮው ሊሆን ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን አንድም ዘር አይገኝበትም። ይህን በዓይን የሚለይ ሰው የለም፣ በጉልበትም በጢምም አይታወቅም።

ላቦራቶሪው የሚያየው ሦስት ዋና ነገሮችን ነው፦ ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው መመሪያ ዝቅተኛውን ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ ከመቶ 42 የሚንቀሳቀስ፣ ከመቶ 4 ቅርጹ የተስተካከለ ብሎ አስቀምጧል። ከመቶ 4 ሲባል የሚደነግጥ አለ፤ ሆኖም ጤነኛ አባቶችም አብዛኛው ዘራቸው ቅርጹ የጎደለ ነው፣ ተፈጥሮው እንዲህ ነው። ልኩ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው። ከልኩ በታች የሆነ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ከልኩ በላይ የሆነም ዋስትና አልተሰጠውም። ወረቀቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ላቦራቶሪው በር ላይ አንብቦ በራስ ላይ መፍረድ አይገባም።

ስለ ጊዜው ወንዶች ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው ነገር አለ። አንድ ስፐርም ተጀምሮ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም በሚበስልበት ጠምዛዛ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። ባጠቃላይ ሦስት ወር ያህል ነው። ዛሬ የተሰጠው ናሙና የሚናገረው ስለ ዛሬ ሳይሆን ስላለፈው ወቅት ነው። ከሁለት ወር በፊት ወባ ይዞት ትኩሳት ያንገበገበው ሰው ውጤቱ ዝቅ ቢል አይገርምም፤ ቆይቶ ሲመረመር ሊስተካከል ይችላል። ሲጋራውን ያቆመ፣ መጠጡን የቀነሰ፣ ክብደቱን ያስተካከለም ለውጡን የሚያየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ አይቁረጥ።

ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። የደም ሥር በዘር ከረጢት ውስጥ ሲያብጥ፣ ቫሪኮሲል የሚሉት፣ ይህንኑ ቅዝቃዜ ያሳጣዋል። ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ አለባቸው፤ ልጅ ከዘገየባቸው ወንዶች መካከል ደግሞ እጅግ ይበዛል። ብዙዎቹን በቀዶ ሕክምና መርዳት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ሱሪውን አውልቆ ሐኪም ፊት የሚቆም ወንድ ያስፈልጋል። ጂም ቤት ጡንቻ ለማሳደግ ቴስቶስተሮን የምትወጉ ልጆችም ስሙኝ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ጡንቻው እያበጠ ዘሩ ይደርቃል። ከተቆመ በኋላ ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ለእናቶች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። ሕፃን ወንድ ልጃችሁን ሳፋ ውስጥ ስታጥቡ በጣታችሁ ዳስሱ። ሁለቱም ፍሬዎች በከረጢቱ ውስጥ አሉ? አንዱ ጎድሎ ስድስት ወር ካለፈው «ሲያድግ ይወርዳል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሐኪም ይየው፤ ቀዶ ሕክምናው ዓመት፣ ቢዘገይ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቢሠራ ነው የሚበጀው። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ድንገት የዘር ፍሬው በኃይል ከታመመ ሰዓታት ናቸው ወሳኞቹ፤ ተጠምዝዞ ደም አጥሮት ሊሆን ስለሚችል በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ይችላል። ጎረምሶች ይህን ሕመም አፍረው ይደብቁታል። መምህራንና አባቶች አስቀድመው ቢነግሯቸው በሌሊት በር አንኳኩተው ይናገራሉ። ጆሮ ደግፍም ከጉርምስና በኋላ የያዘው ሰው ፍሬው ካበጠ ቤት ተኝቶ መዳን የለበትም።

ወንዶች እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ብቻ ምን እንደሚያወጣ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሌዝሮፕ በምትባል ከተማ፣ ዲቢሲፒ የተባለ የአፈር ትል ማጥፊያ መድኃኒት የሚሠራበት ፋብሪካ ነበር። ወጣት ሠራተኞች ሲጨዋወቱ አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ እዚያ ክፍል ከገቡ ወዲህ ልጅ የወለደ ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ብቻውን የተሸከመው ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመረመሩ። ከፊሎቹ አንድም ስፐርም አልተገኘባቸውም፣ የሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር፤ ረጅም ጊዜ የሠሩት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ። ከሁሉ የሚያሳዝነው መድኃኒቱ የአይጦችን የዘር ፍሬ እንደሚያኮሰምን እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሞ በወጣ ጥናት ታውቆ የቆየ መሆኑ ነው። ለአሥራ ስድስት ዓመት ለሠራተኞቹ የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው አገልግሎቱ ታገደ፤ በማዕከላዊ አሜሪካ የሙዝ እርሻዎች ግን ለተጨማሪ ጊዜ ሲረጭ ቆይቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ክስ መሥርተዋል።

እኛ ዘንድ በዝዋይ፣ በመቂና በቆቃ ዙሪያ ጀርባው ላይ ፓምፕ ተሸክሞ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል፣ በባዶ እግሩ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ወጣት አይቶ የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። የእነዚያ ልጆች ዘር ተጎድቷል አልልም። የምለው የእርሻ ባለቤቱ ጓንትና ጭንብል የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፣ የግብርና ባለሙያውም የመድኃኒቱን ጽሑፍ በሚገባቸው ቋንቋ የማንበብ ግዴታ እንዳለበት ነው። የምግብ ዋስትናችንን ጀርባቸው ላይ ተሸክመው የሚዞሩ ወጣቶች የአብራካቸውን ክፋይ ሊያጡ አይገባም።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ «አልወለደችልኝም» ብሎ ፍቺ የሚጠይቅ ወንድ ፊታችሁ ሲቀርብ ምን ትጠይቁታላችሁ? የሁለተኛ ሚስት ታሪክ በየመንደሩ አለ። የመጀመሪያዋ «መካን ነሽ» ተብላ ተባረረች፤ ሌላ አግብታ ወለደች፤ እሱ ግን ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ሳይወልዱለት ቀሩ። ያቺን የተባረረች ሴት ለቀመሰችው ስድብ ይቅርታ የጠየቃት የለም። እንግዲህ ወንዱ የምርመራ ውጤቱን ሳያመጣ ጉዳዩን አትዩለት። ለነፍስ አባቶችና ለኢማሞችም ይህንኑ እማጸናለሁ። ፀበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው እምነትን አይነካም። እናንተ «ልጄ፣ አንተም ታይ» ስትሉት ግን ሐኪም ዓመት ቢለምነው የማይሰማውን በአንድ ቀን ይሰማችኋል።

ወንዱ ላይ ችግር ሲገኝ ደግሞ ሴቷን ስትወጋ የኖረችው ምላስ ወደ እሱ እንዳትዞር። ያ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ከጨብጥ በኋላ የተዘጋ ቱቦ ያለበት ሰው ዘሩ ከፍሬው በመርፌ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቤልጂየም ብራስልስ ውስጥ አንድ ስፐርም ወደ አንድ እንቁላል በመርፌ አስገብቶ ማስረገዝ እንደሚቻል ከተረጋገጠ ወዲህ፣ ጥቂት ዘር ብቻ ያላቸው ብዙ ወንዶች ዓይናቸውን በዓይናቸው አይተዋል። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ለክልል ነዋሪ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ በግል ክሊኒክ የሚጠየቀውም ገንዘብ ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ሚስት 45 ዓመት እስኪሆናት ድረስ ለሁለት ልጆች መንግሥት ወጪውን ይሸፍንላቸዋል። እኛ ያንን ዛሬ ባንችል እንኳ፣ ርካሹንና የመጀመሪያውን ምርመራ፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራን፣ በየዞኑ ሆስፒታል በትክክል መሥራት አያቅተንም።

«በትክክል» ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ቦታ ወንዱ ብልቃጥ ተሰጥቶት «ሽንት ቤት ገብተህ ና» ይባላል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሩን ይደበድባል። እንዲህ ያለ ናሙና ሊጎድል፣ ሊዘገይ ይችላል፤ ሰውየውም ሁለተኛ አይመለስም። ለጤና ሹሞች የማቀርበው ልመና ቀላል ነው፦ ከላቦራቶሪው አጠገብ ከውስጥ የሚቆለፍ አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት መቁጠር የሠለጠነ አንድ ባለሙያ፣ የሰውየውን ስም በኮሪደር ላይ የማይጠራ አሠራር። ለማህፀን ሐኪሞችም፦ ሚስትን ወደ ቀለም ራጅ ከመላካችሁ በፊት የባሏን ውጤት ጠይቁ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ልብህ የመታብህ፣ አሠራሩ ይህ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቀብ። ላቦራቶሪው የሰጠህን ሰፊ አፍ ያለው ንጹሕ ብልቃጥ ተጠቀም፤ ተራ ኮንዶም፣ ሳሙና፣ ቅባትና ምራቅ ዘሩን ስለሚጎዱ አይነካኩት። ከፈሳሹ የመጀመሪያው ጠብታ ብዙውን ዘር ስለሚይዝ እሱ ከፈሰሰብህ ለባለሙያው ሳታፍር ንገረው። ቤትህ ከሆንክ ብልቃጡን በሰውነትህ ሙቀት ልብስህ ውስጥ ይዘህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ። ውጤቱ ዝቅ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገመው፤ አንድ ናሙና ብቻውን አይፈርድብህም። ውጤት የምትቀበልበት ቀን ሚስትህን ይዘሃት ሂድ።