ሽጉጥ ለሚመርጥ ወጣት

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ፊተኛው «ለምን ይጠቅመኛል?» የሚል ነው፤ ኋለኛው «የትኛው ይሻለኛል?» የሚል ነው። ፊተኛውን ሳይመልስ ወደ ኋለኛው የዘለለ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። ዕቃው ሽጉጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን የሚከሰረው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ባለፈው የቡና ለቀማ ማለቂያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚህ ዱመርሶ ቤቴ ድረስ መጣ። እሸት ቡናውን ለማጠቢያ ጣቢያ አስረክቦ ገንዘብ እጁ ገብቶለት ነበር። ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ስልኩን አወጣና የሽጉጥ ሥዕል አሳየኝ። «ጋሼ፥ እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ እስቲ የተጻፈውን ያንብቡልኝና የሚሻለውን ይምረጡልኝ» አለኝ። በሥዕሉ ላይ ያለችው አፈሙዟ ያጠረ፥ ከመዳፍ እምብዛም የማትተርፍ፥ አምስት ጥይት የምትጎርስ ባለ ከበሮ ሽጉጥ ናት። ስሟም ማግነም ነው። «ትንሽ ናት፤ በኪስ ትገባለች፤ ጉልበቷ ግን የትልቅ ነው» ሲለኝ ዓይኑ በራ።

ልጁ የነገርሁትን ሁሉ ሰምቶ «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። አስብበታለሁ ማለት እሺ ማለት አለመሆኑን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ያልሁትን ለእርሱም፥ እርሱን ለመሰሉትም ሁሉ በጽሑፍ እደግመዋለሁ። እኛ ሽማግሎች ሽጉጥን ስንነቅፍ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳናውቅ ነው የምንነቅፈው፤ ወጣቱም ይህን ስለሚያውቅ አይሰማንም። እኔ ግን ከምክሩ በፊት ከዕቃው እጀምራለሁ።

ማግነም የላቲን ቃል ነው፤ ትርጕሙም «ታላቅ» ማለት ነው። ስሙ ለሽጉጥ ጥይት የወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ .357 የሚባለውን ጥይት ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። .38 ስፔሻል የሚባለውን የቀድሞውን ጥይት ወስደው፥ ባሩዱን አበርትተው፥ ቀለሁን ሦስት ሚሊሜትር ያህል አስረዘሙት። ያስረዘሙትም ብርቱው ጥይት በደካማው ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እንዳያፈነዳው ብለው ነው። ያን ጊዜ ለዚህ ጥይት የሠሩት ሽጉጥ ትልቅና ከባድ ነበረ። ኋላ ግን ገበያው በኪስ የሚገባ ፈለገ፤ ፋብሪካዎቹም ሽጉጡን አሳነሱት። ጥይቱ ግን አላነሰም። የዚህች ዕቃ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አንደኛ፥ የከባድ ሽጉጥ ምት ከፊሉ በብረቱ ክብደት ይዋጣል፤ የቀላሉ ምት ግን ወደ መዳፍና ወደ አንጓ ይመጣል። አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሁለተኛውን ጥይት አነጣጥሮ ለመተኰስ ጊዜ ይጠፋል። ከዚህም የሚብሰው፥ አንድ ጊዜ የታመመ እጅ ሕመሙን አስቀድሞ ይጠባበቃል፤ ምላጩ ገና ሲሳብ ይሸማቀቃል፤ ጥይቱም ካሰቡት ይስታል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሰው መለማመድ ይጠላል፤ ያልተለማመዱት መሣሪያ ደግሞ ለባለቤቱም ለመንገደኛውም እኩል አደጋ ነው።

ሁለተኛ፥ አፈሙዙ አጭር በመሆኑ ባሩዱ ነድዶ ሳያልቅ ጥይቱ ይወጣል። ስለዚህ ከተከፈለበት ጉልበት ከፊሉ በአየር ላይ እሳት ሆኖ ይቀራል። ያ እሳት በጨለማ የተኳሹን የራሱን ዓይን ይጋርዳል። ድምፁም ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ 140 ያለፈ የተኩስ ድምፅ ለጆሮ አደገኛ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከልጆችህና ከሚስትህ ጋር ሆነህ ብትተኵስ ሌባው ቢያመልጥ እንኳ ጆሯቸው ላያመልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፥ ማነጣጠሪያዋ አጭር፥ ምላጯ ከባድ፥ ጥይቷ አምስት ብቻ ነው። አምስቱ ካለቁ በሚንቀጠቀጥ ጣት አንድ በአንድ መጉረስ ነው። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ብዙ ዐዋቂ ባለቤቶች ማግነሙን ትተው በዚያችው ሽጉጥ ውስጥ ደካማውን .38 ይጎርሳሉ። እንግዲህ ታላቅነቷ የት ቀረ? ከዚያም በላይ በአገራችን የሚታወቀው የክላሽንኮቭና የማካሮቭ ጥይት ነው፤ የእርስዋን ጥይት ፍለጋ ስትዞር ልትኖር ነው።

አራተኛው ለእኛ አገር ከሁሉ ይከፋል። ጌዴኦ በገጠሩ ሕዝብ ብዛትና መጠጋጋት ከአገራችን ቀዳሚ ከሆኑት ወገን ነው። ጓሮ ከጓሮ የሚለየው በእንሰትና በቡና ተክል ነው፤ ቤታችንም ቀርከሃ ወይም እንጨትና ጭቃ ነው። የማግነም ጥይት በጭቃ ግድግዳ የሚቆም አይደለም፤ እንሰቱንም ጥሶ ያልፋል። ከግድግዳው ወዲያ ማን ተኝቷል? የጎረቤትህ ልጅ አይደለምን?

አንድ በጎ ነገር እንዳላት አልክድም። አሠራርዋ ቀላል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሽጉጦች ጥይት ይሰነቀርባታል ተብሎ እምብዛም አይፈራም። ነገር ግን ቀላልነቷ ለሁሉም እጅ ነው። መዶሻዋን ወደ ኋላ ስቦ ላቆመ ሕፃን ምላጯ ትቀልለታለች።

አሁን የልጁን ብርቱ ክርክር ላምጣ። «ጋሼ፥ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ስንት መቶ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ! መሣሪያ ቢኖረን ይህ ይደርስብን ነበርን? አባቶቻችንስ በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ ጦር ይዘው በባለ ጠመንጃ ያለቁት ባዶ እጃቸውን ስለ ነበሩ አይደለምን?» አለኝ። ይህ የቂል ጥያቄ አይደለም፤ ተቀብሬ የኖርሁበት ቁስል ነው። ሆኖም መልስ አለው። በቍጣ የተነሣ ሕዝብ በአምስት ጥይት አይመለስም፤ አንድ ሽጉጥ የተተኰሰበት ወገን ብዙ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። ጭሰኛነትም የቀረው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው እንጂ በኪስ በተሸሸገ ሽጉጥ አይደለም። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ ሽማግሎች የሚገናኙበት ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ ሥርዓት ላይ ሽጉጥ ታጥቆ የሚቀመጥ የለም። ሕዝብን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። ግዴታውን ያጓደለውን ባለሥልጣን በአደባባይ መጠየቅ የወንድ ሥራ ነው፤ እርሱን ትቶ ሽጉጥ መግዛት ግን ጥያቄውን መሸሽ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፥ የተበተነው ወታደር በዲላና በይርጋጨፌ መንገድ ወደ ኬንያ ድንበር ሲያልፍ መሣሪያውን በርካሽ ይሸጥ ነበር። እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ሽጉጥ ገዛሁና ከራስጌዬ አኖርሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጎረቤቴ ሳል እንኳ ዛቻ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት በሌሊት፥ ዝናብ ሲጥል፥ በር ተንኳኳ። «ማነው?» ብል መልሱ በዝናቡ ድምፅ ተዋጠ። አፈሙዙን ወደ በሩ አዙሬ ጣቴን ከምላጩ ላይ አሳረፍሁ። ዳግመኛ ሲያንኳኳ ባለቤቴ ድምፁን ለየችና ክንዴን ያዘችው። ጎረቤታችን ነበረ። ሚስቱን ምጥ ይዟት ፋኖስና ሰው ፍለጋ መጥቶ ነው። በዚያች ሌሊት የተወለደችውን ልጅ ከዓመታት በኋላ ፊደል ያስቈጠርኋት እኔ ነኝ፤ ስሟን ከመዝገብ በጠራሁ ቍጥር ጣቴ ይቀዘቅዝ ነበር። ሽጉጡን ግን መሣሪያ አስረክቡ በተባለ ጊዜ ደስ እያለኝ አስረክቤ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአፍ ወለምታስ ቢያንስ ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ በሶንጎ ተቀምጠው ይካሱበታል። የጣት ወለምታ ግን የሞተውን አይመልስም፤ ገዳዩንም እንደ ቀድሞው አያኖረውም።

«ታዲያ የቡናዬን ገንዘብ በምን ልጠብቅ?» ትለኝ ይሆናል። ገንዘቡን ባንክ አስገባው እንጂ በፍራሽ ሥር አታኑረው። በሌሊት ብቻህን አትጓዝ። ውሻ አሳድግ። ከሁሉም በላይ በጮኽህ ጊዜ ሮጦ የሚደርስልህ ጎረቤት ይኑርህ፤ ኪስህ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ ካወቀ ግን በሌሊት ወደ በርህ የሚሮጥ ጎረቤት አታገኝም። ሕጉም ቢሆን ግልጥ ነው፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ ምረጥልኝ ብለኸኝ ነበርና መርጬልሃለሁ። ታላቅ የተባለችውን ትንሽ ብረት ለሻጯ ተዋት። በዚያ ገንዘብ የቤትህን ቆርቆሮ ለውጥ፤ የተረፈህ እንደ ሆነ ለእኅትህ የትምህርት ቤት ደብተር ግዛላት። በሌሊት በርህ ሲንኳኳ ደግሞ ፋኖስ ይዘህ ውጣ።