«ፍሬን እምቢ አለኝ» መከላከያ አይሆንም

ከባድ የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር ከተረፈው ሾፌር ደጋግመን የምንሰማው ቃል «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ነው፡፡ ሰሚውም ከንፈሩን ይመጥጥና «ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብሎ ለቅሶ ይደርሳል፡፡

ለመሆኑ ፍሬን በድንገት እምቢ ይላል? አልፎ አልፎ ሊል ይችላል፡፡ ብዙውን ጊዜ ግን አስቀድሞ ይናገራል፡፡ ያለቀ ሸራ ይጮኻል፤ ዘይት ሲጎድል ፔዳሉ ይሰምጣል፡፡ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ሸራውን ራሱ አግሎ፣ መያዝ ሲያቅተው «እምቢ አለኝ» ይላል፡፡ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አይዘነጋ፡፡

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ ሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ጋላና ድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች አለቁ፡፡ የአደጋውን ዝርዝር ለመርማሪዎች እንተወው፡፡ አይሱዙ የተሠራው ዕቃ ሊጭን እንደሆነ ለማወቅ ግን መርማሪ መሆን አያስፈልግም፡፡

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኛ የሚለው ውጤቱን እያወቀ «አይደርስም» ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላወቀውንም ነው፡፡ በአንቀጽ 543 መሠረት ደግሞ በቸልተኝነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሞቱ እንደሆነ፣ ወይም ሾፌሩ ግልጽ ደንብ እያወቀ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ሰው የገደለ እንደሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፡፡

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሾፌሩ ነው፡፡ ባለንብረቱስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፡፡ መኪናው ተሰርቆ ነበር ብሎ ካላስረዳ አያመልጥም፡፡ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ማለትም በአንቀጽ 2086 የተዘጋ በር ነው፤ የሚያድነው የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው፡፡ የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ የሚል ካለም መድኑ ጣሪያ አለው፤ የቀረው ከራሱ ኪስ ይወጣል፡፡

ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም፡፡ በመሃል ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ባጃጅ ወይም አይሱዙ በሰው የሚያሠራ ባለሙያ ጥቂት አይደለም (ከሙያ ጓደኞቼም ጭምር!)፡፡ ለሾፌሩ የቀን ገቢ ይቆርጥለታል፡፡ ነዳጅ ቢወደድም፣ ሰልፍ ቢረዝምም ገቢው ያው ነው፡፡ ሾፌሩም ገቢውን ለመሙላት ከራሱ መቀመጫ ጎን ሰው ይደርባል፤ ያመሻል፤ ሳይተኛ ያነጋል፤ ሸራ የሚቀየርበትን ቀን ለነገ ያሳድራል፡፡ ሲጋጭ እስር ቤት የሚገባው እሱ ብቻ ነው፡፡

በእኔ አስተያየት መርማሪ ፖሊስ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ሦስት ጥያቄ ቢጨምር ብዙ ነገር ይለወጣል፡- ሸራው መቼ ተቀየረ? የቀን ገቢው ስንት ነበር? ሾፌሩ በዚያ ቀን ስንት ሰዓት ነዳ? የብልሽቱ ወሬ ደርሶት «ይህችን ሳምንት ሥራበት» ያለ ባለንብረት በአንቀጽ 59 ትርጓሜ መሠረት በወንጀል የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም፡፡